ለጊታር የሠራሁት ጆሮ

«ይህ ልጅ ጆሮ የለውም» ያሉኝ መሪጌታ ወልደ ገብርኤል ናቸው። ዘመኑ 1941 ዓ.ም.፣ ጊዜው ዐቢይ ጾም፣ የቅድስት ሳምንት ረቡዕ ከቀትር በፊት። ቦታው ከሰቆጣ በታች ባለው ደብራችን፣ የዜማ ተማሪዎች የምንቀመጥበት ወይራ ሥር። ነፋስ አልነበረም። ስለዚህ ሁሉም ሰምቷል።

የጾሙን ዜማ፣ ጾመ ድጓን፣ እያስቀጸሉኝ ነበር። አንድ ቦታ ላይ ድምፄን መጣል ሲገባኝ አነሳሁት። ዱላቸውን አነሱ፤ እኔም ትከሻዬን አዘጋጀሁ። ቢመቱኝ ኖሮ እስከ ፋሲካ እረሳው ነበር። አልመቱኝም። ዱላውን መልሰው ከጎናቸው አጋደሙትና «ለዚህ ልጅ ዱላ ማድከም ነው። ጆሮ የለውም። ውሃ ይቅዳ» አሉ።

መጀመሪያ የሳቀው አብሮኝ የሚማረው ጓንጉል ነው። ሌሎቹ የሳቁት እሱን ተከትለው ነው። ማን ቀድሞ እንደሳቀ፣ ማን በአፍንጫው እንደሳቀ፣ ማን ሊስቅ ብሎ እንደተወው እስከ ዛሬ ለይቼ አውቃለሁ። ጆሮ የሌለው ሰው ይህን እንዴት ይለያል? ይህን ጥያቄ የመለሰልኝ ሰው የለም። አባቴ ቄስ ገብረ አማኑኤል እንኳ ማታ ስነግራቸው «የኔታ ካሉ ልክ ነው» ብለው ራታቸውን በሉ።

ከዚያ በኋላ ውሃ ቀዳሁ። እንጨትም ለቀምኩ። የተማሪውን የምግብ ዕቃ አጠብኩ። ጓንጉል ሲጠማው በስሜ አይጠራኝም፤ «ውሃ!» ብቻ ይል ነበር።

አንድ ነገር ግን ልናገር። ምንጩ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ነው። ጎህ ሳይቀድ ቅል ይዤ ስወርድ የየኔታ ድምፅ በድንጋዩ ግድግዳ አልፎ ይመጣብኝ ነበር። በግድግዳ ያለፈ ድምፅ ቃሉ ይቀራል፣ ድምፁ ብቻ ነው የሚደርሰው። ከደረት ይነሳል፣ ጉሮሮ ላይ ሲደርስ ትንሽ ይሻክራል፣ ከዚያ ወደ ታች ሲወርድ መሬቱ ራሱ የሚያዜም ይመስላል። ቅሉ ሞልቶ እስኪፈስ ቆሜ እሰማ ነበር። ሰውዬውን ጠላሁት። ድምፁን መጥላት ግን አቃተኝ። ይህም ሌላ ንዴት ሆነብኝ።

ጎረምሳ ስሆን አስመራ ገባሁ። አንድ ጣልያን ራዲዮ የሚጠግንበት ሱቅ ነበረው፤ መጀመሪያ መጥረግ፣ ቀጥሎ መበየድ፣ ቀጥሎ ሽቦ መጠምጠም አስተማረኝ። ገብረ ሊባኖስ ብሎ መጥራት ስለሰለቸው «ሊባኖ» ይለኝ ነበር፤ እሱንም አልረሳሁለትም። የቡና ቤት ሙዚቀኞች ጊታራቸው ሲበላሽባቸው ወደ እኛ ያመጡት ነበርና፣ የኤሌክትሪክ ጊታር ሆድ ምን እንዳለው ያወቅሁት እዚያ ነው። ከክሮቹ ሥር አንዲት ጠባብ ሣጥን አለች። በውስጧ ማግኔት አለ፤ በማግኔቱ ዙሪያ ከፀጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ ተጠምጥሟል። የብረቱ ክር ሲርገበገብ ይህች ሣጥን ታዳምጠውና ወደ ድምፅ ማጉያው ትልከዋለች። ሙዚቀኞቹ ፒካፕ ይሏታል። እኔ ግን የጊታሩ ጆሮ እላታለሁ፤ ሥራዋ እሱ ነውና። የምትሰማውም ብረትን ብቻ ነው። አጠገቧ ብትጮኽ፣ ብታለቅስ፣ ብትዘፍንላት ደንታ የላትም።

እናቴ ስትሞት ወደ ሰቆጣ ተመለስኩና ገበያው ዳር አንዲት ክፍል ይዤ ራዲዮ መጠገን ጀመርኩ። ሰው ድንጋዩ ያለቀበትን ራዲዮ ያመጣና ድንጋይ ስለውጥለት «ምኑን ሠራኸው?» ይለኛል። ሚስቴ ጥሩሐረግ በዚያችው ክፍል ማዶ በእጅ በሚዞረው የስፌት መኪናዋ ሱሪና ቀሚስ ትሰፋለች። እሷን ሰው እጅ ይነሳል። እኔን «ሽቦ ቆርጣሚው» ይሉኛል። ስሙን ያወጣልኝ ጓንጉል ነው፤ በ1957 ዓ.ም.፣ ጠጅ ቤት፣ በጥምቀት ማግስት።

ጓንጉል ዜማውን ትቶ ማር ነጋዴ ሆኗል። ቤቱ ቆርቆሮ ነው። ሞቅ ሲለው ክራር ይመታል፤ ስለመታም ስለ ቅኝት ከእሱ በላይ የሚናገር የለም። ሰውም ይሰማዋል። ቆርቆሮ ቤት ያለው ሰው ሲናገር ይሰማል።

በ1962 ዓ.ም. ኅዳር መጨረሻ ላይ አንድ ወጣት አህያ እየነዳ ደጄ ቆመ። በአህያዋ በአንድ ጎን የጭነት መኪና ባትሪ፣ በሌላው ጎን ድምፅ ማጉያ ተጭኗል። ጊታሩን እንደ ሕፃን በጋቢ ጠቅልሎ ታቅፎታል። አስማረ ይባላል፤ የሰቆጣ ዙሪያ ገበሬ ልጅ ነው። ክራር እየመታ ደሴ ገብቶ ሆቴል ውስጥ ከሚጫወቱ ሙዚቀኞች ጋር ቆይቷል፤ ጊታሩን የሰጠው የሆቴሉ ባለቤት ነው።

«ጋሼ ገብረ ሊባኖስ፣ ደህና ዋሉ?»

«ደህና። ምንድን ነው የታቀፍከው?»

«አንድ መከራ ነው። ሲነኩት ይጮኻል። ሳይነኩትም ይጮኻል።»

«ሚስት አግብተህ ነዋ የመጣኸው» አልኩት።

«ሰምቻለሁ!» አለች ጥሩሐረግ የስፌት መኪናዋን ሳታቆም።

ባትሪውን አገናኘንና ጊታሩን ለኮሰው። ጩኸቱ የመንደሩን ውሻ ሁሉ አስነሳ። ጩኸቱ ጋብ ሲል ደግሞ የክሩ ድምፅ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ በረዶ ነው፤ ቀጭን፣ ደረቅ፣ ሥጋ የሌለው።

«ደሴ ሳለሁ ሌሎቹ መሣሪያዎች ይሸፍኑልኝ ነበር» አለ አስማረ አንገቱን ደፍቶ። «አሁን ግን ለብቻዬ ልጫወት ነው። ጥር ላይ የአቶ ጓንጉል ልጅ ጸሐይነሽ ታገባለች። ‹ሰቆጣ ያልታየ ነገር አምጣ› ብለውኛል። እንደ ክራራችን ቢሆንልኝ፣ ወፈር ቢልልኝ ብዬ ነው። እንዲህ ሆኖ ከቀረበ ግን አገሬ መግባቴ ይቅር።»

የጓንጉልን ስም ስሰማ ጊታሩን ልመልስለት እጄን አንስቼ ነበር። እሱ ግን ቀጠለ፦ «ትልልቅ ሰዎች ይመጣሉ አሉ። መሪጌታ ወልደ ገብርኤልም ለምርቃት ይመጣሉ።»

እጄን መለስኩ።

«ዓይናቸው ያያል?» አልኩት።

«ዓይናቸውስ ደክሟል። ጆሯቸው ግን እንደ ድሮው ነው ይላሉ።»

እኔም የምፈልገው ጆሯቸውን ነበር። «እሠራልሃለሁ» አልኩት። «አንድ ነገር ብቻ ቃል ግባልኝ። እዚያ ዳስ ውስጥ ‹ይህን ድምፅ ማን ሠራው?› ተብለህ ስትጠየቅ፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ የኔታ እየሰሙ፣ ‹ገብረ ሊባኖስ ነው› ትላለህ።»

«ይህማ ምን አላት! በእመቤቴ!» አለ።

ለእሱ ምንም አልነበረችም። እኔ ግን ከ1941 ጀምሮ የጠበቅሁት እሷኑ ነበር። የኔታ ሰምተው፣ ጠይቀው፣ ስሜ ሲነገራቸው፣ ያችን ቃል በዚያው አፋቸው እንዲመልሷት። ሌላ ምንም አልፈለግሁም።

ሥራውን የጀመርኩት ከጩኸቱ ነው። ሣጥኗን ስከፍታት የሽቦው ጥምጥም ላላ ብሏል። የላላ ሽቦ ድምፅ ሲመጣበት ራሱም ይንቀጠቀጣል፤ ማጉያው ያንን መልሶ ያጎላዋል፤ እንዲህ እየተቀባበሉ ይጮኻሉ። መድኃኒቱ የቀለጠ ሰም ውስጥ ነክሮ ሽቦውን ማርጋት ነው። ሰም ልገዛ ገበያ ወጣሁ። ወለተ ሐና የምትባል ሰም ሻጭ አለች፤ ምላሷ ከሰሙ ይልቃል።

«ለየትኛው ታቦት ነው?» አለችኝ።

«ለታቦት አይደለም።»

«ጧፍ ካላበራህበት ሰም ምን ያደርግልሃል?»

«ጩኸት ዝም አሰኝበታለሁ።»

«እንግዲያስ ለባሌም ጨምረህ ግዛ!» ብላ ገበያውን አሳቀችብኝ።

ከመንከሬ በፊት ግን ሽቦውን እንደገና መጠምጠም ነበረብኝ። የድምፁ ውፍረትና ቅጥነት ያለው እዚያ ላይ ነው። ዙሩ ሲያንስ ድምፁ ይሳላል፤ ሲበዛ ይወፍራል፣ ካለፈ ደግሞ ይታፈናል። ለመጠምጠም የሚመቸው የጥሩሐረግ የስፌት መኪና ነው፤ ክር የምታጠነጥንበትን ቦታ ፈትቼ ሣጥኗን እዚያ ላይ አሰርኩ።

«የሰው ሱሪ ቆርጬ ተቀምጫለሁ» አለች ከኋላዬ ቆማ።

«ሰውየው ሌላ ሱሪ ይልበስ።»

«ሌላ የለውም። እቤቱ በጋቢ ተቀምጦ ይጠብቃል።»

«እኔ ሃያ ዓመት ጠብቄያለሁ» አልኳት። ምን እንደምጠብቅ ታውቃለች። ወንበሩን ወደ እኔ ገፋ አደረገችውና ወጣች።

ሽቦው ትንፋሽ ይበጥሰዋል። በአንድ እጅ ማዞር፣ በሌላው ጣቶች መካከል ሳያጠብቁ ሳያላሉ ማሳለፍ ነው። መጀመሪያ አብዝቼ ጠመጠምኩ፤ ስሞክረው ብርድ ልብስ ተከናንቦ የሚያወራ ሰው ሆነ። ከላዩ ቀነስኩለት፤ ከብርድ ልብሱ ወጣ፣ ግን ብርድ ይዞት የሚንዘፈዘፍ መሰለ። ጨመርኩ። ቀነስኩ። ሽቦው ሁለቴ ተበጥሶብኝ በየድኩት። ስንት ዙር ላይ እንዳቆምኩ ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ አሁንም አልናገርም።

ከዚያ ማግኔቱ ነው። በጣም ከተጠጋ ወፍራሞቹን ክሮች ወደ ራሱ ይስባቸውና ድምፃቸው ይንጋደዳል። በእነሱ በኩል ሣጥኗን ዝቅ፣ በቀጭኖቹ በኩል ከፍ አደረግኋት። የቀጭኖቹ ስለት ገና ጆሮ ይወጋ ስለነበር ከሞተ ራዲዮ ኮንደንሰር የሚሏትን ትንሽ ዕቃ አውጥቼ በየድኩበት፤ ስለቱን እሷ ዋጠችው። በመጨረሻ ሰሙን በጣሳ አድርጌ፣ ጣሳውን የፈላ ውሃ ውስጥ አስቀምጬ አቀለጥኩት። እሳት ላይ በቀጥታ ቢጣድ ሣጥኗን ያቀልጣታል። ነክሬ አየሯ በአረፋ እስኪወጣ ጠበቅሁ። ቤቱ ጧፍ ጧፍ ሸተተ። ያ ሽታ ምንጩ ዳር ያለውን ማለዳ አስታወሰኝ።

ሳልዋሽ ልናገር፦ አስማረ የጠየቀኝ የክራር ድምፅ ነበር። እኔ የፈለግሁት ሌላ ነው። ያንን ከግድግዳ ያለፈውን ድምፅ ነበር የማሳድደው። ከደረት የሚነሳውን፣ ጉሮሮ ላይ የሚሻክረውን። ሦስቱ ወፍራም ክሮች ላይ አገኘሁት። ሣጥኗን በቦታዋ መልሼ፣ አውራ ጣቴን በወፍራሙ ክር ላይ ሳሳርፍ ድምፁ ከማጉያው ወጣና ክፍሉን ሞላው፤ ሲወርድም ወለሉ ላይ ሄደ። መጫወት አልችልም፤ ግን ክሮቹን አንድ በአንድ እየነካሁ ቆየሁ።

ጥሩሐረግ በበሩ ብቅ አለች። ክፍሉን ዞር ዞር ብላ አየች።

«ማነው ሰውዬው?» አለችኝ።

«የቱ ሰውዬ?»

«ሲያዜም የሰማሁት።»

እዚህ ቤት ከገባች ጀምሮ ሥራዬን ስታደንቅ ሰምቻት አላውቅም። አሁንም ማድነቋ አልነበረም፤ በእውነት ሰው ፈልጋ ነው። ከዚያ የበለጠ ምን ይባላል?

አስማረ መጥቶ ሲሞክረው ጥቂት ተጫወተና ቆመ። በኽምጣንጋ፣ በአገሩ አገውኛ፣ አንድ ነገር አጉረመረመ፤ እናቱን የጠራ መሰለኝ። ከዚያ ተነስቶ ትከሻዬን ሳመኝ።

«ጋሼ፣ ክር ቢበጠስብኝስ?» አለ በሩ ላይ ሲደርስ።

«ወደ እኔ ላክ። ወይም ና።»

ለምን ወደ እኔ እንደሚመጣ፣ ሣጥኗም ከብረት ሌላ እንደማትሰማ አልነገርኩትም። የብረት ክር ከአስመራ ያመጣሁት ሣጥኔ ውስጥ አለ፤ ሰቆጣ ውስጥ ሌላ ሰው ዘንድ አይገኝም። ለሁሉ ነገር ምክንያቱን የሚዘረዝር ሰው በማግስቱ አይፈለግም። ሲበጠስ ይምጣ፣ ሰው እያየ ይጥራኝ ብዬ ነው። በዚህ የሚያማኝ ካለ ይማኝ።

የሠርጉ ጥሪ የመጣው በጓንጉል አሽከር ነው። ለጥሩሐረግ ነው የነገራት፤ የሙሽሪትን ቀሚስ የሰፋችው እሷ ናትና። «አንቺ ከእመቤቲቱ ጋር እልፍኝ ትገቢያለሽ። ባለቤትሽም ቢመጣ ቦታ አይጠፋም» አላት፤ እኔ እዚያው ቁጭ ብዬ። ቢመጣ! ቢመጣ የሚባለው ለዝናብ ነው።

ሄድኩ። የታጠበ ጋቢ ለብሼ፣ አንድ ጥቅል የብረት ክር በኪሴ ይዤ። ለማንኛውም ብዬ ነው።

ቦታ አልጠፋም። ዳሱ ሲያልቅ፣ በቅሎዎቹ ከታሰሩበት ወዲህ፣ ግንድ ላይ አስቀመጡኝ። ከጎኔ የበቅሎ ጠባቂዎች ናቸው። በጭራዋ ፊቴን የምትጠርግ አንዲት ግራጫ በቅሎ ነበረች፤ እዚያ ዳስ ውስጥ የነካኝ እሷ ብቻ ናት። ከላይ፣ ምንጣፉ ላይ፣ የኔታ ተቀምጠዋል። አርጅተዋል። ዓይናቸው ላይ ነጭ ወርዷል፤ ጠላውን በእጃቸው እያስያዙ ነው የሚሰጧቸው። ጓንጉል ከአጠገባቸው እየተጎነበሰ ማን እንደገባ ማን እንደወጣ ይነግራቸዋል። እኔ መግባቴን አልነገራቸውም።

ከዚያ በፊት ማለዳ ላይ የሆነውን በኋላ አስማረ ነው የነገረኝ። ጊታሩን እልፍኝ ሲቃኝ ጓንጉል ገብቶ «ስጠኝ እስቲ፤ ይህ ቅኝት ወርዷል» ብሎ ይነጥቀዋል። የክራር እጁን አሳርፎ ሲያከርረው ወፍራሙ ክር ድው ብሎ ይበጠሳል።

«ጋሼ ገብረ ሊባኖስን ላስጠራ» ይላል አስማረ።

«ለክር ማሰር ደግሞ ሰው ይጠራል? እኔ ዜማ ስቀጽል እሱ ውሃ ይቀዳ ነበር። ብረት ምን ያደርጋል? ድምፁን የሚያሻክረው እሱ ነው። ጅማት ይታሰርበት!»

የበግ ጅማት፣ ለክራሩ ያስቀመጠው፣ ፈትሎ ያደረቀው፣ ከጓዳ ይመጣል። አንዱን ብቻ ቢቀይሩ ከሌሎቹ አይስማማም ብሎ ሦስቱንም ወፍራሞች አስፈትቶ በጅማት ያስተካቸዋል። ጅማት ሲያይ ያደገ የክራር ልጅ ምን ብሎ ይከራከራል? ባትሪው እንዳያልቅ ብለው ሳይለኩሱ ሞክረውታል፤ በባዶ እጅ ደግሞ ጅማቱ ለስለስ ያለ፣ ደስ የሚል ድምፅ አለው። «አየህ?» ብሎታል ጓንጉል። «ሽቦ ቆርጣሚ የማያውቀው ይህን ነው።»

ማግኔት ግን ጅማት አይሰማም።

እኔ ይህን ሁሉ ሳላውቅ ግንዱ ላይ ተቀምጬ ልቤ እንደ ሙሽራ ይመታል። አስማረ ወጣ። ባትሪው ተገናኘ። የኔታ ራሳቸውን ዘንበል አደረጉ፤ ተማሪ ሲያዳምጡ የሚያደርጉት እሱን ነው፤ እዚያ ወይራ ሥር አይቼዋለሁ።

አስማረ መታ። ቀጭኖቹ ክሮች እንደሠራኋቸው ጥርት ብለው ወጡ። ከዚያ ዜማው ወደ ታች ወረደ፤ ድምፅ የለም። እጁ ይንቀሳቀሳል፤ ማጉያው ዝም ነው። እንደገና ወደ ላይ፣ ድምፅ አለ። ወደ ታች፣ የለም። ደረጃ መሃሉ የተሰበረ ቤት እንደሚወጣ ሰው ሆነ። ሊጨፍር የተነሳው ሁሉ አንድ እግሩን አንስቶ ቀረ።

«ግማሹ ዘፈን ደሴ ቀርቷል እንዴ?» አለ አንዱ ጎረምሳ።

«ያልተከፈለው ግማሹ ነው የቀረው!» አለ ሌላው።

አንዲት ሴት ደግሞ ከእልፍኙ በር «ወይ ጸሐይነሽ፣ ሽባ ዘፈን ይዘፈንልሽ!» ብላ ጮኸች። ሳቁ ከዳር እስከ ዳር ሄደ። አስማረ ላቡ ይወርዳል። ቁልፉን ያዞራል፣ ሽቦውን ይነቀንቃል፣ እንደገና ይመታል፤ ያው ነው። ለመቃኘት ያህል ደጋግሞ የሚነካቸው እነዚያን የሞቱትን ሦስቱን ነው። የእኔ ሥራ ሁሉ የነበረው እነሱ ላይ ነው።

የኔታ እጃቸውን አነሱ። ዳሱ ጸጥ አለ።

«ይህ ነገር ድምፁ ጥሩ ነበር» አሉ። «ሲወርድ ግን ይጠፋል። ሥራው የማን ነው?»

አስማረ ቃሉን ጠበቀ። ቃል የሚጠብቅ ልጅ ነው። ቀና ብሎ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «የጋሼ ገብረ ሊባኖስ ሥራ ነው» አለ።

ስሜ በዚያ ዳስ ውስጥ ተነገረ። ልክ እንደተመኘሁት ነው የተነገረው። አንድ ቃል አልጎደለም።

«እዚያ አይደል የተቀመጠው፣ በቅሎዎቹ ጋ!» አለ ጓንጉል እጁን እየዘረጋ። «ና እንጂ ሽቦ ቆርጣሚ፣ ምነው ተደበቅህ? ና ወዲህ ውጣ!»

ተነሳሁ። በሰዉ መካከል ወጣሁ። አስማረ ዘንድ ስደርስ ጊታሩን አየሁት። ሦስቱ ወፍራም ክሮች ቢጫ ናቸው፤ ፀሐይ ሲያርፍባቸው አያበሩም። ጅማት። ምንም መጠየቅ አላስፈለገኝም። አስማረን አየሁት፤ ዓይኑ ወደ ጓንጉል ሄዶ ወደ መሬት ወረደ።

ኪሴ ውስጥ ክሩ አለ። የሚፈጀው አንድ ብርሌ ጠጅ የሚጠጣበትን ጊዜ ያህል ነው። ፈትቼ፣ አስሬ፣ አስቃኝቼ፣ «አሁን ምታ» ብል ያ ድምፅ ከዚያ ማጉያ ይወጣና የኔታ ደረት ላይ ይደርሳል። የራሳቸውን ድምፅ ከሃያ ዓመት በኋላ ይሰሙታል። ሰው ሁሉ ዝም ይላል። እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ ነበር። ክሩንም ይዤው ነበር።

«የኔታ» አለ ጓንጉል እየሳቀ፤ ያው የድሮው ሳቅ ነው፣ ጥርሱ ብቻ ነው የቀነሰው። «‹ይህ ልጅ ጆሮ የለውም› ብለውት አልነበረም? ይኸው አሁንም አልበቀለለትም!»

ዳሱ ሳቀ። እኔ ግን የየኔታን አፍ ነበር የማየው። ምን ይሉ ይሆን?

«ማንን ነው ያልኩት?» አሉ።

«ገብረ ሊባኖስን ነዋ። የቄስ ገብረ አማኑኤልን ልጅ። ውሃ ይቀዳ የነበረው።»

አሰቡ። በእውነት አሰቡ፤ ለማሰብ ሞክረዋል፤ ይህን አልክድም። ነጭ ዓይናቸው ወዲህ ወዲያ አለ። ከዚያ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አላስታውሰውም» አሉ። «ስንቱን ብያለሁ።»

ክፋት አልነበረበትም። ቢኖርበት ይሻል ነበር። እኔ ያቺን ቃል አስመራ ድረስ ተሸክሜያት ሄጃለሁ፤ ተሸክሜያት ተመልሻለሁ፤ ከሚስቴ ጋር በአንድ አልጋ አስተኝቻታለሁ። እሳቸው የተናገሯት ዕለት ማታውኑ ጥለዋት ተኝተዋል። የምትመለሰው ቃል እሳቸው ዘንድ የለችም። እኔ ዘንድ ብቻ ናት ያለችው።

«ና እስቲ ልጄ» አሉኝ በዚያው ለስላሳ ድምፃቸው፣ እኔ ወዳልቆምኩበት ወገን ዞረው፣ መዳፋቸውን ከጆሯቸው ኋላ አድርገው። «ጥሩ ነገር ሠርተሃል መሰለኝ። ምን ሆኖ ነው ሲወርድ የሚጠፋው?»

ጓንጉል እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ይጠብቃል። አስማረ በዓይኑ ይለምነኛል። ጥሩሐረግ ከእልፍኙ በር ላይ ወጥታ ቆማለች፤ እጄ ኪሴ ውስጥ ምን እንደያዘ እሷ ታውቃለች። ሁሉም ዝም ብሎ እኔን ያዳምጣል። እንዲህ ተዳምጬ አላውቅም።

የክሩ ጫፍ ጣቴን ወጋኝ። ለቀቅሁትና እጄን ባዶውን አወጣሁ። ጋቢዬን አጣፋሁ። በሰዉ መካከል፣ በመጣሁበት፣ በበቅሎዎቹ በኩል ወጣሁ።

ከኋላዬ አስማረ ደጋግሞ የሞቱትን ክሮች ሲመታ፣ ጓንጉል ቀድሞ ሲስቅ፣ የኔታም ቀስ ብለው «ሄደ እንዴ?» ሲሉ ሰማሁ። ሁሉንም ለይቼ ሰማሁ። አልመለስኩም።